ድንገቴ በር ሲያንኳኩ

ድንገቴ ቁልፋቸውን በልጃቸው በር ላይ ሦስት ጊዜ ሰክተው ሦስቱንም ጊዜ አልዞር አላቸው። መጀመሪያ የጠረጠሩት ቁልፉን ነው፤ በሹራባቸው ጠረጉት፣ እፍ አሉበት፣ ገልብጠው ሞከሩት። ቀጥለው ፎቁን ጠረጠሩ፤ ግን አራተኛ ፎቅ ነው፣ የጎረቤቱ አበባ እንኳ ባለፈው ሳምንት እንዳዩት ማሰሮው ውስጥ ደርቆ ቆሟል። የቀረችው ልጃቸው ነበረች። እሷን መጠርጠር ገና ሲጀምሩ ድምጿ ከበሩ ወዲያ መጣ። ስልክ ላይ ነች።

«አዎ አክስቴ፣ ቁልፍ ሠሪው አሁን ጨርሶ ወጣ። ምን ትላለች? ያለችውን ትበል! ባለፈው ሳምንት ገላዬን ስታጠብ ገብታ፣ መጋረጃውን ገልጣ ‹ሳሙናውን ምን አድርገሽ ነው እንዲህ የጨረስሽው?› አላለችኝም? ከትናንት ወዲያ ደግሞ ስብሰባ ላይ ሆኜ፣ አለቆቼ ሁሉ በኮምፒውተሩ እያዩኝ፣ ከኋላዬ መጥታ ጡት መያዣዬን ከወንበሩ ላይ አንስታ ‹የዚህ ቦታው እዚህ ነው?› አለች። እኔን ብትጠይቅ ደግ፣ እነሱን እኮ ነው የጠየቀችው! አይ፣ አልሰጣትም። እናቴ ናት፣ እወዳታለሁ፣ ቁልፍ ግን አልሰጣትም። ከእንግዲህ እንደ ሰው ሁሉ አንኳኩታ ትግባ። ምን? እሷማ አታንኳኳም። እንግዲያው አትመጣማ።»

«ድንገቴ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ሲሠሩ አንድም ቀን በር አንኳኩተው አያውቁም፤ እንዲያውም ማንኳኳት ለአጥፊ ጊዜ መስጠት ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጫማቸውን የሚገዙት ከአንድ ሱቅ ብቻ ነው፤ ሶሉ ላስቲክ፣ ድምፅ የሌለው። በዚያ ጫማ ስንቱን ጉድ አይተዋል፤ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ የሚያንኮራፋ የታሪክ መምህር፣ የፈተና ወረቀት የሚበላ ተማሪ (እስኪውጥ ጠብቀው ዜሮ ሰጡት)፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በስህተት የወንዶች ሽንት ቤት ገብተው ሁለት አጫሾችን በጆሯቸው ይዘው ወጥተዋል። ጡረታ ሲወጡ መምህራኑ አዋጥተው የሰጧቸው ስጦታ የበር ደወል ነበር። ቀልዱ ስላልገባቸው ከልብ አመስግነው ቤታቸው ላይ አስገጠሙት።

አሁን ሁለት ኪሎ ብርቱካን አንጠልጥለው ከልጃቸው በር ውጭ ቆመዋል። ብርቱካን ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ በእጥፍ ጨምሯል፤ ሻጩን ሌባ ብለው ተጣልተው፣ ይቅርታ ሳይጠይቁ ነው የገዙት፣ ልጃቸው ስለምትወድ ብቻ። ሆድ ባሳቸው። አንድ ልጅ ነች ያለቻቸው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ የሚገቡበት በር ይህ ብቻ ነው። ማንኳኳት ይችሉ ነበር፤ እጃቸውንም አንስተው ነበር። ግን ጨብጦ ነው ወይስ ዘርግቶ? «ማነው?» ሲባልስ ምን ይባላል? አምጠው የወለዷትን ልጅ በር ላይ ቆሞ «እኔ ነኝ» ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው? እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ። ደረጃውን ሲወርዱ ቁልፍ ሠሪውን ምድር ቤት አገኙት፤ መሣሪያውን ከረጢቱ ውስጥ እየከተተ ነበር። ሌላ የሚቆጡት ሰው ስላልነበረ «አራተኛ ፎቅ ላይ የብረት ብናኝ አፍስሰህ ነው የመጣኸው፤ ውጣና ጥረግ!» አሉት። ሰውየው ማን እንደሆኑ እንኳ ሳይጠይቅ ወጥቶ ጠረገ።

ከዚያ በየማክሰኞው ወደሚያስተምሩበት መጠለያ ሄዱ፤ ማክሰኞ ነበርና። መጠለያው ከአንድ የቀለም መሸጫ ጀርባ ያለ፣ ታፔላ የሌለው፣ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ከሌላ አገር ለሥራ መጥተው ከክፉ አሠሪ ወይም ከክፉ ባል ያመለጡ ዘጠኝ ሴቶች ይኖሩበታል። የቀለም ነጋዴው በየቆርቆሮው የተረፈውን ስለሚሰጣቸው የየክፍሉ በር መልኩ የተለያየ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሮዝ፣ አንዱ ደግሞ ቀለሙ መሀል ላይ አልቆ ግማሹ ቡናማ ግማሹ ሰማያዊ። በሮቹ የሚቆለፉት ማታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መተላለፊያው ላይ በትልልቅ ፊደል «ይንኳኳ። ይጠበቅ።» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ድንገቴ ወረቀቱን መጀመሪያ ቀን አይተው ለነዋሪዎቹ የተጻፈ መስሏቸው «ጎበዞች፣ ሥርዓት አላችሁ» ብለው ነበር ያለፉት። እሳቸው በበጎ ፈቃድ የሚያስተምሩት የሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። አሥር ነጥብ ያለው ወረቀት አዘጋጅተዋል። አንደኛው ነጥብ «በልበ ሙሉነት ዘው ይበሉ» ይላል። ሁለተኛው «የተጠየቁትን ሁሉ ‹እችላለሁ› ይበሉ» ይላል።

ይህ ሦስተኛ ማክሰኟቸው ነው። በመጀመሪያው ማክሰኞ ተማሪዎቻቸውን ለመጥራት ቢጫውን በር በርግደው ሲገቡ፣ ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው ልብስ ሰፊዋ የጋለ ካውያ ከፍ አድርጋ ይዛ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ቆማ ነበር። «ሴት ልጅ እንዲህ ለሥራ ስትቸኩል ደስ ይላል» አሏት። በሁለተኛው ማክሰኞ ሮዙን በር ሲከፍቱ የሁሉ ታናሽ የሆነችው፣ በሆነው ባልሆነው ስለምትስቅ «ሳቂታዋ» የምትባለው ልጅ፣ አልጋ ሥር ተጋድማ ነበር። አልጋ ሥር እየጠረገች መስሏቸው ለክፍሉ ሁሉ ምሳሌ አድርገው አስጨበጨቡላት። ሳቂታዋ ያን ቀን አልሳቀችም፤ እሳቸው ግን ልብ አላሉም።

የዛሬው ባሰ። ብስጭታቸውን እንደያዙ ሽቅብ ወጡና የብርቱካኑን ፌስታል ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው አረንጓዴውን በር በሁለት እጃቸው ገፉት። ውስጥ የተኛችው በአገሯ ነርስ የነበረች፣ እዚህ ግን ሆቴል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ የምታጸዳ ሴት ነች፤ ከሥራ የገባችው ገና ማለዳ ነው። «አራት ሰዓት ሆኗል!» ሲሉ ነርሷ በአንድ ጊዜ አልጋው ላይ ተነሥታ ቆመች፤ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ጮኸችና ትራሷን ወረወረች። ትራሱ ድንገቴን ስቶ ፌስታሉን መታው። ፌስታሉ ተቀደደ። ብርቱካኖቹ በመተላለፊያው ተንከባለሉ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየነጠሩ ወረዱ፤ አንዱ ወጥ ቤት ድረስ ገብቶ የምታበስለዋን ሴት እግር መታ። በሮቹ ሁሉ ተከፈቱ። ሴቶቹ ወጥተው መጀመሪያ ብርቱካኑን፣ ቀጥሎ ድንገቴን፣ ከዚያ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ብርድ የሚያንቀጠቅጣትን ነርስ አዩ። 

መጀመሪያ የተናገረችው ራሷ ነርሷ ነች። «እማማ፣» አለች፣ በቀስታ፣ «ከዛሬ በኋላ አይምጡብን።»

ድንገቴ የሚመልሱት መልስ አፋቸው ላይ ነበር። ትምህርት በሰዓቱ ስለመጀመር ሠላሳ አንድ ዓመት የተናገሩት ንግግር አላቸው። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን የወጣው ሌላ ነው። «ዛሬ ጠዋት ልጄም ቁልፉን ቀየረችብኝ» አሉ። ከዚያ እንባቸው መጣ፤ መሀረብ ሲፈልጉ ኪሳቸው ውስጥ ያገኙት የማይከፍተውን ቁልፍ ነው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ብርቱካን ከወለሉ አንስታ በቀሚሷ እየጠረገች «ለምን ቀየረችው?» አለች። ድንገቴ ነገሩን ከሳሙናው ጀምረው ተናገሩ። ራሳቸውን ለመከላከል ነበር የጀመሩት፤ ስብሰባው ላይ ደርሰው ጡት መያዣውን እንዴት ከፍ አድርገው እንደያዙት በእጃቸው ሲያሳዩ ግን ሳቂታዋ አፏን በሁለት እጇ አፍና ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራተተች። ቀጥሎ አብሳይዋ ሳቀች። ነርሷ ላለመሳቅ ብርድ ልብሷን ነከሰች፣ አልሆነላትም።

ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም። «ታዲያ አንኳኩቶ መግባት ምን አስቸገረዎት?» አለች።

«ምን ያስቸግራል! ማንም ያንኳኳል!»

«እስቲ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ነርሷም ከክፍሏ ሳትወጣ በሩን ዘጋችው።

ድንገቴ ወደ በሩ ቀረቡና በመዳፋቸው ዷ! ዷ! ዷ! አድርገው ዘው አሉ። ትራሱ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ፤ አሁን አልሳተም።

የዚያን ቀን የቃለ መጠይቅ ትምህርት እንዲህ ቀረ፤ አስተማሪዋም ተማሪ ሆኑ። የልብስ መተኮሻው ክፍል በር ለልምምድ ተመረጠ፤ ያ ግማሹ ቡናማ ግማሹ ሰማያዊ የሆነው። ሳቂታዋ ወንበር አመጣች፣ ልብስ ሰፊዋ እንደ ፈታኝ ተቀመጠች። በር ሲንኳኳ በጣት አንጓ ነው፣ ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ፤ በመዳፍ የሚመታ የተቆጣ ሰው ነው። ካንኳኩ በኋላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይባላል፣ የሚከፍተው ሰው ከእግር እስከ ራስ እንዲያይዎት። ማን እንደሆኑና ለምን እንደመጡ ከውጭ ሆነው ይናገራሉ። ከዚያ እስከ ሰባት ይቆጥራሉ። ድንገቴ እዚህ ላይ እጃቸውን አወጡ። «ሰባት ለምን? አምስት አይበቃም?» ነርሷ ናት የመለሰችው፤ እንቅልፏ ጭራሽ ስለጠፋ ብርድ ልብሷን ተከናንባ መጥታ ነበር። ለተኛ ሰው ለመንቃት ሁለት ያስፈልጋል አለች፣ የት አገር፣ ማን ቤት እንዳለ ለማስታወስ ሦስት፣ ልብሱን ለማስተካከል ሁለት። ድንገቴ በልባቸው ደመሩት፤ ሰባት መጣ።

«ከውስጥ ‹አሁን አይሆንም› ከተባለስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ለምን እንደማይሆን እጠይቃለኋ!»

«ወደቁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «‹እሺ› ብለው ይሄዳሉ። ለምን ተብሎ አይጠየቅም።»

ይህችኛዋ ነች የከበደቻቸው። ማንኳኳቱን በአራተኛው ሙከራ ያዙት፣ ወደ ኋላ ማፈግፈጉን በስድስተኛው፤ «እሺ» ማለት ግን አንደበታቸው ላይ አልቀመጥ አለ። አንዷ ከውስጥ «አሁን አይሆንም» ስትል እጃቸው ሳያዙት እጀታውን ይይዛል። አንድ ጊዜ «እሺ፣ ግን» አሉ፤ «ግን የለም» ተብለው ተመለሱ። አንድ ጊዜ ደግሞ እሺ ብለው በቁልፉ ቀዳዳ ሲያጮልቁ ተያዙ። ነርሷ በወረቀት ላይ ከአሥር ሁለት ጽፋ አሳየቻቸው። ድንገቴ በዘመናቸው ለማንም ከአሥር ሁለት ሰጥተው አያውቁም፤ ወረቀት ከበላው ልጅ በቀር ቢያንስ ሦስት ነበር የሚሰጡት።

ወሬው ቤቱን አዳረሰ። ከውስጥ ሆኖ «አሁን አይሆንም» የሚለውን ተራ ሁሉም ፈለገው። መተላለፊያው ላይ ሰልፍ ተሠራ፤ አብሳይዋ ሾርባዋን ጥዳ መጣች፣ ልብስ የምታጥበዋ ሴት እጇ በአረፋ እንደተለወሰ ተሰለፈች። እያንዳንዷ ገብታ በሩን ትዘጋለች፣ ይንኳኳል፣ «አሁን አይሆንም!» ትላለች። አንዷ እንደ ንግሥት አለችው፣ አንዷ እንደ ባንክ ሠራተኛ፣ ሌላዋ ሦስት ጊዜ ደጋግማ እያጣጣመችው። አብሳይዋ በራሷ ቋንቋ ጨምራ የሆነ ረጅም ነገር አለች፤ ቋንቋዋን የሚያውቁት ሁለቱ ሴቶች ጆሯቸውን ያዙ። ዕድሜ ልካቸውን ደወል ሲጮህ «አቤት» ብለው የሮጡ ሴቶች ስለሆኑ፣ ወጥተው ሰልፉን ከኋላ እንደገና ይይዛሉ። ድንገቴ አሥራ ሰባት ጊዜ አይሆንም ተባሉ። አሥራ ሰባተኛው ላይ «እሺ» ሲሉ ራሳቸውም ገረማቸው፤ ምንም አልሞቱም።

የሳቂታዋ ተራ ሲደርስ ነገሩ ተበላሸ። ድንገቴ አንኳኩተው፣ አፈግፍገው፣ «መምህሯ ነኝ፣ ወረቀት ልሰጥሽ ነው» ሲሉ፣ ከውስጥ ቶሎ «ይግቡ!» አለች። ደገሙት። «ይግቡ!» ሦስተኛ ጊዜም «ይግ—» ብላ ራሷን ይዛ በሳቅ ፈረሰች። «አልችልም እኮ፣» አለች በሩን ከፍታ፣ እየሳቀች፣ «ሦስት ዓመት የኖርኩበት ቤት የምተኛው የእህል ዕቃ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነበር። ስኳር የፈለገ ይገባል፣ ጨው የፈለገ ይገባል፣ ሕፃኑ ብስኩት ሲያምረው ይገባል፣ እኔም ‹ይግቡ› ነው። ጌታውማ ምንም ሳይፈልግ ይገባ ነበር።» ይህን ስትል ሳቋ ፊቷ ላይ ቀርቶ ድምፁ ጠፋ። «ከዚያ ነው አልጋ ሥር መተኛት የለመድኩት። ኮቴ ስሰማ አሁንም እገባለሁ።»

 ድንገቴ ያስጨበጨቡላት ቀን ትዝ አላቸው። ላስቲክ ጫማቸውን አዩት፤ ኮቴ እንኳ የሌለው ጫማ ነው። ልብስ ሰፊዋም ነገሩ እንዳይከብድ ብላ ይሁን ወይ የራሷ ትዝ ብሏት፣ ባሏ አንድ ቀን ተናዶ የመኝታ ቤቱን በር ከነማጠፊያው ነቅሎ እንደሸጠባት፣ አንድ ዓመት ያለ በር እንደኖረች፣ እዚህ በመጣች ቀን የመጠለያው ኃላፊ ቁልፍ ስትሰጣት እስኪነጋ ስትቆልፍ ስትከፍት፣ ስትቆልፍ ስትከፍት እንዳደረች ተናገረች። «እውነቷን ነው፣ ማናችንንም አላስተኛችንም» አለች ነርሷ። እንደገና ሳቁ። ድንገቴም ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ጫማቸውን አወለቁ፣ የልብስ ሰፊዋን ባለ ተረከዝ ጫማ ለመኑና ተጫምተው፣ ከመተላለፊያው ጫፍ ጀምረው ቋ ቋ ቋ እያሰሙ መጡ። አንኳኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ተረከዙ ከድቷቸው ሊወድቁ ነበር፤ ነርሷ ያዘቻቸው። «መምህሯ ነኝ» አሉ፤ መቁጠርም ጀመሩ። ሰባት አለፈ። አሥርም አለፈ። 

«አሁን... አይሆንም» አለች ሳቂታዋ፣ በጣም በቀጭኑ።

«እሺ» አሉ ድንገቴ፣ ዞረውም ቋ ቋ ቋ እያሉ ሄዱ። ከኋላቸው በሩ ገርበብ አለና አንድ ዓይን ብቅ አለ። «ሄዱ?» አለች ሳቂታዋ። «በቃ፣ ሄዱ?» ያየችውን ማመን አቅቷት ሁለት ጊዜ ደጋግማ ጠየቀች፤ ከዚያ በሩን ከውስጥ ዘግታ ለብቻዋ ስትስቅ ተሰማ።

ሾርባው አርሮ ነበር፤ ምሳ ዳቦና ብርቱካን ሆነ። ሳቂታዋ በማግስቱ አንድ ሽማግሌና አሮጊት ቤት እየኖረች ለመሥራት ቃለ መጠይቅ አላት። ብርቱካኗን እየላጠች «የምተኛበት ክፍል ቁልፍ አለው ወይ ብዬ ብጠይቅ ነውር ነው?» አለች። ድንገቴ አሥሩን ነጥብ አወጡ፣ ሁለተኛውን ሰረዙ፣ በላዩም ይህንኑ ጥያቄ በትልልቁ ጻፉበት። አንደኛውንም፣ «ዘው ይበሉ» የሚለውን፣ ማንም ሳያይ ሰረዙት። ሲወጡ ነርሷ ውጤታቸውን ሰጠቻቸው፤ ስድስት ተኩል። ተኩሏ የጫማው ነች አለቻቸው። የተረፉትን ስድስት ብርቱካኖችም በሌላ ፌስታል አድርጋ መለሰችላቸው፤ ማክሰኞ ይምጡ አላለችም፣ አይምጡም አላለችም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድንገቴ የልጃቸውን ፎቅ ሲወጡ ልባቸው ይመታ ነበር፤ አንደኛ ለደረጃው፣ ሁለተኛ ለፈተናው። ጠዋት በስልክ ‹አትመጣማ› የተባሉት እናት መጥተዋል፤ ካልተከፈተላቸው ሌላ የሚሄዱበት በር የላቸውም። በአንጓቸው ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«ማነው?»

«እናትሽ ነኝ። ብርቱካን ላቀብልሽ ነው።»

 በበሩ ላይ ያለችው ማያ ቀዳዳ ጠቆረች። «ማነው?» አለች ልጃቸው እንደገና፣ አሁን ፍርሃት ባለው ድምፅ። «እናቴ አታንኳኳም።»

«ዛሬ አንኳኳች።»

«እማዬ... አሁን አይሆንም፣ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

ሃያ ጥያቄ ጉሮሯቸው ላይ መጣ። እጃቸው ወደ እጀታው ሊሄድ ሲል ፌስታሉን ጨበጡበት። «እሺ» አሉ። መውረድ ጀመሩ። አንደኛው መታጠፊያ ላይ ሆድ ባሳቸው፣ ሁለተኛው ላይ ብርቱካኑን ማስቀመጥ እንደረሱ አስታወሱ፣ ግን መመለስ ደንቡ ውስጥ ይኑር አይኑር ስላላወቁ ቀጠሉ። ያኔ ነው ከላይ በር ተከፍቶ አንድ እግር በነጠላ ጫማ፣ አንድ እግር በባዶው ሲሮጥ የተሰማው።

«እማዬ! እማዬ ቁሚ! ምን ሆነሻል? አመመሽ? ሐኪም ምን አለሽ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«እሺ አልሽ እኮ!» ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «እሺ ብለሽ ሄድሽ! ‹ለምን?› እንኳ አላልሽኝም!»

«ለምን ተብሎ አይጠየቅም» አሉ ድንገቴ። ልጃቸው ግንባራቸውን በእጇ ዳሰሰች፤ ትኩሳት የላቸውም። በዚያው ቅጽበት ከላይ ነፋስ በሩን ወስዶ ዷ! አደረገው። ሁለቱም ቀና አሉ። አዲሱ ቁልፍ በራሱ የሚቆለፍ ዓይነት ነው፤ ውዱ እሱ ነው ብሎ ነበር ቁልፍ ሠሪው። ቁልፉ ውስጥ ነው። ስልኳ ውስጥ ነው። አለቆቿም ኮምፒውተሩ ላይ እንደተደረደሩ ውስጥ ናቸው። «ወይኔ!» አለች ልጃቸው፣ ደረጃው ላይም ቁጭ አለች።

የሁሉም ደረጃ ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፈው ሁሉ እዚያም «የተዘጋ በር እንከፍታለን» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፏል። ድንገቴ በራሳቸው ስልክ ደወሉ፤ ያው የጠዋቱ ሰው ነው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እደርሳለሁ አለ። ስለዚህ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብርቱካን ላጡ። ለወትሮው እናት ይጠይቃሉ፣ ልጅ በአጭሩ ትመልሳለች። ዛሬ እናት ምንም አልጠየቁም። ልጅቷ ራሷ ጀመረች። ያ የጡት መያዣው ጉድ ከሥራ ያስባርረኛል ብላ ስትፈራ ነበር፤ አለቃዋ ግን በማግስቱ «እናትሽ ዛሬ የሉም?» ብሎ ጠየቃት። ይህን ተናግራ ሳቀች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ወደ ልጣጩ እያየች፣ «አንድ ሰው አለ፣ ስድስት ወር ሆነን» አለች። ስንት ዓመቱ ነው? አሉ ድንገቴ በልባቸው፤ በአንድ ፍልቃቂ ብርቱካን ዋጡት። ምን ይሠራል? ሌላ ፍልቃቂ። የማን ልጅ ነው? ሁለት ፍልቃቂ በአንድ ጊዜ። በመጨረሻ ትን እስኪላቸው ዋጡ፤ ልጃቸው ጀርባቸውን እየመታች ሁሉንም ሳትጠየቅ ነገረቻቸው። ስድስት ወር ሙሉ ያልሰሙትን በሦስት ብርቱካን ሰሙ።

ቁልፍ ሠሪው መጣ። ድንገቴን ሲያይ ደነገጠ፣ «ጠርጌያለሁ!» አለ ገና ከደረጃው ሳይወጣ። በሩ ላይ ደርሶ መሣሪያውን ከማውጣቱ በፊት በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኳ፣ ወደ ኋላም አለ። ልጃቸው «ማንም የለም እኮ፣ እዚህ ነን» አለችው። «ልማድ ነው» አለ፣ «በሃያ ዓመት ውስጥ ባዶ ነው በተባልኩት ቤት ስንቱን አግኝቻለሁ።» ድንገቴ ሰውየውን ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አዩት፤ በልባቸውም ቆጠሩለት፣ እስከ ሰባት ጠበቀ።

በሩ ተከፈተ፣ ሰውየው ሄደ። ስብሰባው ተበትኗል፤ ኮምፒውተሩ ጨልሟል። ልጃቸው ገብታ ዞር አለች። «ግቢ እንጂ፣ እማዬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ድንገቴ ግን ከበሩ ውጭ እንደቆሙ ነበሩ። እጃቸውን ዘርግተው የተከፈተውን በር በአንጓቸው ሦስት ጊዜ አንኳኩ፤ ሁለት እርምጃም ወደ ኋላ አሉ።

ልጃቸው ከውስጥ ሆና አየቻቸው። ልትስቅ ነበር፤ የእናቷ ፊት ላይ ቀልድ ስላጣች ተወችው። «ማነው?» አለች።

«እናትሽ ነኝ።»

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«አንቺን።»

 ድንገቴ ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት፣ አምስት። ስድስት ላይ ልጃቸው ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና «ግቢ» አለች።

ድንገቴ ገቡ። ጡት መያዣው አሁንም ወንበሩ ላይ ነበር፤ እንዳላዩ ሆነው አለፉት።